ደብዛዛ ጅራታም ኮከብ በባይኖኩላር፦ ጎንደር ላይ ከግቢ ሳይወጡ

ደብዛዛ ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ፍለጋ ከወጣ ሰው ብዙው ሳያይ የሚገባው ዓይኑ ደክሞ ወይም ባይኖኩላሩ ርካሽ ሆኖ አይደለም። የት ማየት እንዳለበት ስለማያውቅ ነው። «በምዕራብ በኩል ከፍ ብሎ ይታያል» የምትል ወሬ ይዞ ይወጣል፣ አንገቱ እስኪያመው ሰማዩን ያስሳል፣ በመጨረሻ «ደመና ነበር መሰለኝ» ብሎ ይተኛል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ግማሹ የቀን ሥራ ነው። ካርታው ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ካለቀ፣ ማታ የሚቀረው አንዲት ጠባብ የሰማይ ቁራጭ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ብቻ ነው።

ምን እንደምታዩ አስቀድማችሁ እወቁ

በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞሩትን ፎቶዎች እርሷቸው። አረንጓዴ ጭንቅላትና ረጅም ጅራት ያለው ፎቶ ካሜራ ለብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ብርሃን አጠራቅሞ የሠራው ነው። ዓይናችን እንደዚያ አያጠራቅምም። በባይኖኩላር የሚታየው ደብዛዛ ኮሜት መስታወት ላይ እንዳረፈ እስትንፋስ ያለ፣ ጠርዙ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ግራጫ ነገር ነው። መሀሉ ጠንከር ይላል። ጅራት ላይታይም ይችላል። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ሁለት የካርቦን አቶሞች የተጣመሩበት ጋዝ የፀሐይ ብርሃን ሲመታው ነው፤ ነገር ግን በጨለማ የሚሠሩት የዓይናችን ሕዋሳት ቀለም ስለማይለዩ ኮሜቱ በጣም ካልደመቀ በቀር ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ብሩህነት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ነገሩ ይደበዝዛል። ድፍን ጨለማ ላይ ባዶ ዓይን እስከ 6 ገደማ ያሉ ከዋክብትን ያያል፣ 10×50 የሚባለው ባይኖኩላር (ቁጥሮቹን ወደ ታች እነግራችኋለሁ) ደግሞ በጥሩ ሰማይ እስከ 9 ወይም 10 ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ለኮሜት የሚሰጠው ቁጥር ብርሃኑ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ቢሰበሰብ የሚኖረውን ድምቀት ይነግራል እንጂ የተዘረጋበትን ስፋት አይነግርም። ቪርታነን የተባለው 46ፒ ኮሜት ታኅሣሥ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በ11.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ሲያልፈን ቁጥሩ 4 ገደማ ነበር። በወረቀት ላይ በባዶ ዓይን የሚታይ ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ከሙሉ ጨረቃ በሰፋ ቦታ ላይ ተበትኖ ስለነበር ከከተማ መብራት ሥር ለሚያይ ሰው ጭራሽ ሊጠፋ የሚችል ነገር ነበር።

የእኔ ሻካራ ስሌት ይኸው፦ ፒያሳና አራዳ አካባቢ ከሆናችሁ እስከ 6 ያለውን ሞክሩ። ወደ ከተማው ዳር ወጣ ካላችሁ እስከ 7። ዘመድ ጋ ገጠር ካደራችሁ 8ን ትንሽ አለፍ ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ያለውን ለቴሌስኮፕ ተዉት። በ2025 እ.ኤ.አ. 3አይ/አትላስ ስለተባለው ኮሜት ስንት ተወራ፤ ከሌላ የኮከብ ሥርዓት የመጣ እንግዳ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ከከተማ ግቢ በ50 ሚሊ ሜትር ባይኖኩላር የሚታይ አልነበረም። ዜናው መብዛቱ ድምቀት አይደለም።

የቁጥሩን ነገር ካነሳን፣ ትንበያና እውነት አንድ አይደሉም። ኮሜቶች ከታሰበው በላይ ሊደምቁ፣ ሊደበዝዙ፣ ጭራሽም ሊበታተኑ ይችላሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. «የክፍለ ዘመኑ ኮሜት» እየተባለ የተጠበቀው አይሰን ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ፀሐይን ሲዞር ፈራረሰ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የተተነበየውን ሳይሆን ሰዎች ሰሞኑን በዓይናቸው አይተው የመዘገቡትን ቁጥር ፈልጉ። ለዚህ የሚሆነው ኮብስ የተባለው የኮሜት ምልከታ የመረጃ ቋት ነው፤ የሚያስተዳድረው ስሎቬኒያ ያለው የችርኒ ቭርህ የምልከታ ጣቢያ ነው፣ በነፃም ይከፈታል። እዚያ ገብታችሁ የመጨረሻውን ሳምንት ምዝገባ ተመልከቱ፣ መሣሪያቸው ባይኖኩላር የሆኑትን ለይታችሁ ቁጥራቸውን ያዙ።

ባይኖኩላሩ

10×50 ካላችሁ ጨርሳችኋል። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 7×50 እና 8×42ም ይሆናሉ። «ዙም» የሚል የተጻፈባቸውን፣ መስታወታቸው እንደ ሩቢ የሚያብለጨልጭ ቀይ የሆኑትን፣ ደግሞም «100 እጥፍ» ምናምን የሚሉትን አትግዙ። ሱቅ ውስጥ የምትፈትኑት እንዲህ ነው፦ ባይኖኩላሩን ከፊታችሁ ክንድ ያህል አርቃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። በዓይን ማያው በኩል ሁለት ትናንሽ የብርሃን ክቦች ታያላችሁ። ድፍን ክብ መሆን አለባቸው። ጠርዛቸው የተቆረጠ ወይም አራት ማዕዘን የመሰለ ከሆነ ውስጡ ያለው መስታወት ርካሽ ነው። ከዚያ ራቅ ያለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እዩበት፤ ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዓይናችሁን ከሳበው መልሱትና ውጡ።

ባይኖኩላሩ ላይ «6.5 ዲግሪ» ወይም «114 ሜትር በ1000 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ሁለቱ አንድ ናቸው። የእይታ ስፋት ይባላል፣ ለካርታው ስለሚያስፈልጋችሁ ጻፉት።

ትኩረቱን (ፎከሱን) በደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክሉ። መጀመሪያ ቀኝ ዓይን ጨፍናችሁ በመሀሉ መዘውር የግራውን አጥሩ። ቀጥሎ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ኮከቡ ትንሿን ነጥብ እስኪሆን ድረስ። ይህን አትዝለሉት። ጥቂት የተዛባ ፎከስ ኮከብን ሁሉ ኮሜት ያደርገዋል፣ እውነተኛውን ኮሜት ደግሞ ያጠፋዋል።

የቀን ሥራው፦ ካርታ

ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየም የተባለውን የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ጫኑ። ቦታውን ጎንደር አድርጉት፦ ሰሜን 12.6 ዲግሪ፣ ምሥራቅ 37.5 ዲግሪ። የኮሜቱን ስም ፈልጉ። አዲስ ኮሜት ከሆነ መተግበሪያው መታደሱን አረጋግጡ፤ የምሕዋር ቁጥሮቹ በየጊዜው ስለሚስተካከሉ የቆየ መረጃ ኮሜቱን ከቦታው ውጪ ያስቀምጥላችኋል።

አሁን ሰዓቱን እናጥራ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። የኮሜት ካርታዎች የሚሠሩት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በዚያ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ባጭሩ በእኛ ምሽት 2፡00 ማለት በዓለም አቀፍ 17፡00 ነው፣ የዓለም አቀፉ ቀን የሚቀየረው ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 9፡00 ላይ ነው። ይህ ለምን ይጠቅማል? ካርታ ላይ በየቀኑ የሚደረጉት ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ የ0 ሰዓት ናቸው፣ ማለትም የእኛ ከሌሊቱ 9፡00። ለምሳሌ «11» የምትለዋ ነጥብ ለ11 አጥቢያ ከሌሊቱ 9፡00 ላይ ኮሜቱ ያለበት ቦታ ናት። እናንተ በ10 ምሽት 2፡00 ላይ ካያችሁ ኮሜቱ ከ10ኛው ነጥብ ተነሥቶ ወደ 11ኛው ሁለት ሦስተኛውን መንገድ አልፏል። በዝግታ ለሚሄድ ኮሜት ይህ ምንም አይደለም። በቀን 3 እና 4 ዲግሪ ለሚሄደው ግን ባይኖኩላራችሁ ውስጥ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ቀኑንም አትርሱ። መተግበሪያው በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው፣ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ካላንደር ግን በእኛ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ከዚያ መነሻ ኮከብ ምረጡ። በባዶ ዓይን በግልጽ የሚታይ፣ ለኮሜቱ ቅርብ የሆነ ኮከብ ወይም ፕላኔት። አንዳንዴ ሰማዩ ራሱ ያግዛል፦ ሲ/2022 ኢ3 የተባለው ኮሜት (ዜድቲኤፍ) በየካቲት 3 እና 4 ቀን 2015 ማርስ አጠገብ ነበር፣ የካቲት 7 ገደማ ደግሞ አልደባራን የተባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ። በእነዚያ ቀናት ማርስን ባይኖኩላሩ መሀል ማስገባት ብቻ በቂ ነበር፣ ኮሜቱም እዚያው እይታ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም።

መነሻው ሩቅ ከሆነ በዝላይ ትደርሳላችሁ። የእኔ ዘዴ የአንድ ብር ሳንቲም ነው። የኮሜቱን አካባቢ ስልክ ላይ ታሳድጉና ዋና ዋናዎቹን ከዋክብት ወረቀት ላይ ትገለብጣላችሁ፤ ስትገለብጡ የባይኖኩላሩ የእይታ ስፋት ከሳንቲሙ ክብ ጋር እኩል እንዲሆን አድርጉ። ከዚያ ሳንቲሙን መነሻው ኮከብ ላይ አስቀምጡ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ክበቡት፣ ጠርዙ ላይ የሚነካውን ቀጣይ ኮከብ ፈልጉ፣ ሳንቲሙን ወደዚያ አንሸራቱ፣ ደግማችሁ ክበቡ። ሦስት አራት ክብ ይበቃል። የመጨረሻው ክብ ውስጥ ኮሜቱን በኤክስ ምልክት አድርጉና በዙሪያው ያሉት ከዋክብት የሚሠሩትን ቅርጽ በደንብ እዩ። ሦስት ማዕዘን ነው? ቀጥ ያለ መስመር ነው? ኤክሱ ከየትኛው ኮከብ በስተየት ነው? ማታ የምትፈልጉት ኮሜቱን ሳይሆን ያንን ቅርጽ ነው። ቅርጹን ካገኛችሁ ኮሜቱ ያለበትን ታውቃላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄው አለ ወይስ የለም ብቻ ነው።

ባይኖኩላር እንደ ብዙ ቴሌስኮፖች ምስሉን አይገለብጠውም፣ ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው። ወረቀታችሁን የሰሜኑ ጠርዝ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያመለክት አዙሩት፣ አለቀ። ጎንደር ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 12.6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት ቡጢ 10 ዲግሪ ያህል ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ቡጢ ትንሽ በላይ ፈልጉት። ከጎሐ ተራራ ሥር ለምትኖሩ ተራራው ይሸፍነው ይሆናል፣ ያኔ የስልክ ኮምፓስ ይበቃል።

ስለ ቦታችን አንድ ጥሩ ዜና። አውሮፓ ሆነው የሚጽፉ ሰዎች «ኮሜቱ አድማስ ላይ ተጣብቋል፣ አይታይም» ካሉ አትደንግጡ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይም ኮሜቱም ቀጥ ብለው ይወርዳሉ እንጂ በአድማሱ ላይ አይንሸራተቱም። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከምሽቱ 1፡30 ጀምሮ ሰማዩ ሙሉ ጨለማ ነው። ወደ ደቡብም ከነሱ ብዙ ርቀን እናያለን። ስለዚህ የነሱን ምክር ሳይሆን የስልካችሁን ሰማይ ጎንደር ላይ አድርጋችሁ እመኑ።

የትኛው ሌሊት?

ጨረቃን መጀመሪያ እዩ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ደብዛዛ ኮሜት መፈለግ ልፋት ነው። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ግን ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለምሽት ምልከታ የሚበቃ ጨለማ ታገኛላችሁ። ለንጋት ኮሜት ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጨረቃ እየሞላች ባለችበት ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትጠልቅላችኋለች።

ክረምቱን እርሱት። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎንደር ላይ የኮሜት ቀጠሮ መያዝ ከደመና ጋር መከራከር ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወርቅ ነው። ከዚያ በኋላ አቧራና ጭጋግ ይመጣል፣ ከፍ ያለ ኮሜት ግን አሁንም ይታያል። በጥምቀት ሰሞን ሰማዩ ቢጠራም ከተማው ስለማይተኛ ሌላ ቀን ምረጡ፣ ደግሞ ያን ጊዜ ቤት የሚቀመጥ ማን ነው።

ሌላው የጭስ ነገር ነው። ምሽት ላይ የምጣድና የከሰል ጭስ ረባዳው ላይ ተኝቶ መብራቱን መልሶ ይበትነዋል። ከፍ ያለ ሰፈር ያላችሁ ታመልጣላችሁ። ሌሎቻችሁ ኮሜቱ በሁለቱም ጊዜ የሚታይ ከሆነ ንጋቱን ምረጡ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ከሌሊቱ 10፡00 እስከ 11፡00። ጭሱ ሰክኗል፣ ብዙ መብራት ጠፍቷል፣ ለኪዳን የሚሄዱ ሰዎች ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው።

መብራት የሄደበት ሌሊት? ያ ስጦታ ነው። ሰፈሩ ሲያማርር እናንተ ባይኖኩላሩን ይዛችሁ ውጡ።

ግቢውን ማዘጋጀት

ከተማው ከእናንተ በየት በኩል እንደሆነ አስቡ። ቁስቋም ያላችሁ የከተማው ብርሃን በደቡብ ምሥራቅ ነው፣ አዘዞ ያላችሁ ወደ ሰሜን ስታዩ ነው የሚያስቸግራችሁ። ኮሜቱ በዚያ አቅጣጫ ከሆነ ከፍ እስኪል ጠብቁ።

ከሰማይ ብርሃን የባሰው ግን በቀጥታ ዓይን ውስጥ የሚገባው አምፖል ነው። የቤታችሁን አጥፉ። የጎረቤትን ለመከለል የግቢው ግድግዳ ሥር፣ የውሃ ታንከር ጀርባ፣ ወይም ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ይበቃል። ካልሆነ በቀን ሄዳችሁ ጠይቁ። «እትዬ፣ ዛሬ ማታ ይቺን የበረንዳ አምፖል ለአንድ ሰዓት ቢያጠፉልኝ? ጅራታም ኮከብ ላይ ነኝ፣ ለእርስዎም አሳይዎታለሁ።» መልሱ ብዙ ጊዜ እሺ ነው፣ ጅራታም ኮከብ የመዓት ምልክት ነው ብለው የሚፈሩ ትልቅ ሰው ካልሆኑ በቀር። ያኔ በረዶና አቧራ ተቀላቅሎ ፀሐይን የሚዞር ነገር መሆኑን በትሕትና አስረዱ።

ሳትጠይቁ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ሌሊት ባይኖኩላር ይዞ ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ለማንም ጥሩ አይመስልም፣ ጎረቤት መስኮቱን የምታዩበት ይመስለዋል፣ የሰፈሩ ዘበኛም ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ኮረብታ ፍለጋ በሌሊት መውጣቱንም ተዉት። ግቢ ውስጥ ሁኑ፣ ቤተሰብና ዘበኛ ይወቁ።

ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ብትተኙ ከሁሉ ይሻላል፤ ክርናችሁ ደረታችሁ ላይ ሲያርፍ ባይኖኩላሩ አይንቀጠቀጥም። ዝቅ ላለ ኮሜት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የመጥረጊያ እንጨት አቁሙና ባይኖኩላሩን ጫፉ ላይ አስደግፉት። የካሜራ ትራይፖድ ያለው ሰው ማያያዣ ቢገዛ አይቆጭም። እጅ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ደብዛዛው ነገር ይጠፋል፣ ስለዚህ ድጋፉን እንደ ቅንጦት አትዩት።

ጋቢ ደርቡ። ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ የለውም። የምትተነፍሱት አየር ዓይን ማያውን እንዳያደበዝዝ አፋችሁን በጋቢው አትሸፍኑ፣ እስትንፋሱ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ያርፋል።

ዓይን

ከመብራት ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 20፣ ቢቻል 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ከዚያ በፊት ያያችሁት ሁሉ አይቆጠርም። አንዴ ነጭ የስልክ ብርሃን ካያችሁ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ስቴላሪየም ቀይ የሌሊት ሁነታ አለው፣ እሱን አብሩና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሱ። ለወረቀቱ ደግሞ ባትሪ ላይ ቀይ ሴሎፎን ሁለት ሦስት ጊዜ ደራርቡ። «ምን እያየህ ነው?» ብሎ በስልክ ባትሪ ፊታችሁ ላይ የሚያበራ የቤተሰብ አባል ሁልጊዜ አለ፤ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሁለተኛው ነገር በጎን ማየት ነው። ለደብዛዛ ብርሃን የሚነቁት የዓይን ሕዋሳት መሀል ላይ የሉም፣ ዙሪያውን ናቸው። ስለዚህ ኤክስ ያደረጋችሁበትን ቦታ ትኩር ብላችሁ አትዩ። ትንሽ ወደ ጎን ያለ ኮከብ እያያችሁ ልባችሁን ኮሜቱ ቦታ ላይ አድርጉ። ብቅ ይላል። ስታፈጡበት ይጠፋል። መልሳችሁ ዞር ስትሉ ይመጣል።

ልምምዱ

ኮሜት ከመምጣቱ በፊት ዓይናችሁ ደብዛዛ ነገር ማየት ይልመድ። ቻርለስ ሜሲየር የተባለው ፈረንሳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኮሜት ሲያድን በተደጋጋሚ ያሳሳቱትን ደብዛዛ ነገሮች እየመዘገበ ዝርዝር ሠራ፣ ዛሬ 110 ናቸው። እሱ እንዳይሸወድባቸው ነው የመዘገባቸው፣ እኛ ደግሞ እንለማመድባቸዋለን።

በኅዳር መጨረሻ ምሽት 2፡00 ላይ ወደ ሰሜን ዞራችሁ ቀና በሉ። አናታችሁ ላይ ትልቅ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ከዋክብት አሉ፣ የፔጋሰስ ካሬ ነው። ከካሬው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ካለው ጥግ፣ ከአልፌራትዝ፣ የሚነሣውን የከዋክብት ሰንሰለት ተከተሉ፦ መጀመሪያ አንድ መካከለኛ ኮከብ፣ ቀጥሎ ደማቁ ሚራክ። ከሚራክ ወደ ሰሜን አድማስ ዝቅ ስትሉ ሁለት ደብዘዝ ያሉ ከዋክብት አሉ። ሁለተኛው አጠገብ ያለው ሞላላ ጭጋግ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው፣ በሜሲየር ዝርዝር ኤም31። ቁጥሩ 3.4 ነው፣ ከከተማም ይታያል። አሁን ወደ ሚራክ ተመለሱና በተቃራኒው በኩል፣ ወደ አናታችሁ፣ ያንኑ ያህል ርቀት ሂዱ። እዚያ ኤም33 አለ። ቁጥሩ 5.7 ነው፣ ግን ብርሃኑ የተዘረጋ ስለሆነ ለደብዛዛ ኮሜት ከሱ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ኤም33ን ከግቢያችሁ ካያችሁ ለ6 እና ለ7 ኮሜት ዝግጁ ናችሁ። ካላያችሁ ሌላ ሌሊት ሞክሩ። አሁንም ካልታየ ሰማያችሁ ነው፣ ለኮሜቱ ሌላ ግቢ አስቡ።

በግንቦት መጨረሻ ምሽት 3፡00 ገደማ ሰማዩ ከፈቀደ ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ፣ ማለትም ሦስት ቡጢ ከፍ ብላችሁ ኦሜጋ ሴንታውሪን ፈልጉ። ደማቅና ክብ የከዋክብት ክምችት ነው፣ በባይኖኩላር ቁጭ ኮሜት። ሜሲየር ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ከፓሪስ ከአድማስ በላይ አይወጣማ።

ዋናው ሌሊት

መነሻውን ኮከብ በባዶ ዓይን እያያችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ፊታችሁ አምጡ። ክቦቹን ተከተሉ። ቅርጹ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። አሁን አትቸኩሉ። በረጅሙ ተንፍሱ፣ ትንፋሽ ማፈን ዓይንን ያደክማል። በጎን እዩ። ምንም ከሌለ ባይኖኩላሩን በጣት ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ዓይን የማይንቀሳቀስ ደብዛዛ ነገርን ይዘነጋል፣ የሚንቀሳቀስን ግን ይይዛል። እዚያው ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ስጡት። አሥር ደቂቃ ማለት አሥር ደቂቃ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይደለም።

ለንጋት ኮሜቶች አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ፀሐይ ከመውጣቷ ብዙ ቀደም ብላችሁ ባይኖኩላሩን አውርዱ። በባይኖኩላር ፀሐይን ማየት በቅጽበት ዓይን ያጠፋል። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ መሣሪያውን እጃቸው ላይ ትታችሁ አትሂዱ።

በእርግጥ እሱ ነው?

አንድ ጭጋግ አገኛችሁ እንበል። መጀመሪያ ባይኖኩላሩን በትንሹ አንቀሳቅሱ። ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ከሄደ የሰማይ ነገር ነው። ለብቻው ወደ ሌላ አቅጣጫ ከሸሸ ከደማቅ ኮከብ ወይም ከአምፖል የመጣ ነጸብራቅ ነው። ቀጥሎ ካርታውን እዩ፣ እዚያው ጋላክሲ ወይም የከዋክብት ክምችት ተመዝግቧል? ሦስት አራት ደብዛዛ ከዋክብት ተጠጋግተውም ጭጋግ ይመስላሉ፣ ፎከሱን ደግማችሁ አጥሩ።

የመጨረሻው ዳኛ እንቅስቃሴ ነው። ወረቀት ላይ በዙሪያው ያሉትን ከዋክብትና የጭጋጉን ቦታ ንደፉ። በሰዓታት ልዩነት ለማየት አትሞክሩ፤ በቀን 1 ዲግሪ የሚሄድ ኮሜት በሰዓት የሚንቀሳቀሰው ከዲግሪ አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ካለበት ተነሥቶ ካርታው ወዳለው አቅጣጫ ከሄደ፣ ኮሜት ነው። ከዋክብቱ ባሉበት ናቸው፣ እሱ ብቻ ቦታ ለውጧል። ለእኔ ከመጀመሪያው እይታ ይልቅ ደስ የሚለኝ ይሄኛው ነው።

ስልካችሁ የሌሊት ፎቶ ሁነታ ካለው ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ሞክሩ። ደመቅ ላለ ኮሜት ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ሊያወጣ ይችላል፣ ለደብዛዛው ግን ብዙ አትጠብቁ።

መመዝገብ ከፈለጋችሁ ድምቀቱን እንዲህ ትገምታላችሁ፦ ኮሜቱን አጥርታችሁ እያያችሁ ስፋቱንና ድምቀቱን በልባችሁ ያዙ፣ ከዚያ ቁጥራቸውን የምታውቋቸውን ከዋክብት ፎከሱን አበላሽታችሁ የኮሜቱን ያህል እስኪሰፉ አደብዝዟቸው። ከአንዱ ደምቆ ከሌላው ከደበዘዘ መሀላቸው ነው። በ5.8 እና በ6.6 መካከል ግማሽ ላይ ከመሰላችሁ 6.2 ጻፉ። ቀኑንና ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አድርጉ፣ የባይኖኩላሩን ዓይነት ጨምሩ፣ ኮብስ ላይ አስገቡት። ከጎንደር የሚላክ ቁጥር ከሰሜን ሰዎች ሰማይ የወረደ ኮሜትን ለመከታተል በጣም ይፈለጋል።

ሁለት ጥሩ ሌሊት ሞክራችሁ፣ ኤም33ን እያያችሁ ኮሜቱን ካጣችሁት፣ የሰሞኑን ምዝገባ ደግማችሁ ክፈቱ። ቁጥሩ ጨምሮ፣ ማለትም ኮሜቱ ደብዝዞ ከሆነ ተዉት። ካልደበዘዘ ሰዓቱንና ቀኑን ያሰላችሁበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ፈትሹ፣ ከዚያ ጨረቃ የሌለችበትን ቀጣዩን ሌሊት ካላንደሩ ላይ አክብቡ።